ብርድ አገር የቆመ መኪና

«ብርድ አገር ነው፤ ምን ይሆናል?» በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ መኪና ውስጥ ስለተተወ ዕቃ ላነሣ ሰው የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። ብርድ አገር መሆኑስ እውነት ነው። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ወደ ደሴ ሲሄዱ የሚታለፈው ጉጉፍቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አምባ ፈሪትማ 4,000 ለመሙላት የሚቀረው ጥቂት ነው። ጋቢ ደርቦ ከቤቱ የወጣ ሰው «የፀጉር ስፕሬይ በሙቀት ይፈነዳል» ሲሉት ስለ አፋር በረሃ የሚያወሩት ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ይህ ነገር ከገባኝ ወዲህ ለወዳጆቼ ሁሉ ሳልነግር ማለፍ አልሆንልኝ ብሏል፤ ቆሞ የዋለ መኪናን በዋናነት የሚያሞቀው ፀሐይዋ ናት፤ አየሩ አይደለም። ውስጥ የተቀመጠው ጣሳም የሚያውቀው የመኪናውን ሙቀት ብቻ ነው፤ የአገሩ ብርድ አይደርሰውም።

ማስረጃው አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ማክላረን፣ ነል እና ኩዊን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች «ፔዲያትሪክስ» በተሰኘው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ያሳሰባቸው መኪና ውስጥ ተዘግቶባቸው የሚሞቱት ሕፃናት ጉዳይ ነበር። የውጩ አየር ከ22 እስከ 36 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነባቸው ቀናት መኪና ፀሐይ ላይ አቁመው የውስጡን ሙቀት ለኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 22 ዲግሪ ጨመረ። ቀኑ ቀዝቀዝ ያለ ሆነ ሞቃት፣ ጭማሪው ያው ነበር! ከጭማሪው ከአምስት እጅ አራቱ የመጣው ደግሞ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮቱን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም።

እስቲ ይህን ወደ መካነ ሰላም እናምጣው። የሚያዝያ ቀትር ነው፤ ውጭው 22 ዲግሪ፣ ነፋሱ ደስ የሚል። መኪናው ውስጥ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 ዲግሪ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ የአየሩ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ነገር ከአየሩም በላይ ይግላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሪዞና የተሠራ ሌላ ጥናት እጅግ በሞቁ ቀናት ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት የቆሙ መኪናዎችን ሲለካ የውስጡ አየር በአማካይ 47 ዲግሪ፣ ወንበሩ 51፣ መሪው 53፣ ዳሽቦርዱ ግን 69 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። አሪዞና በረሃ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ወሎ መገልበጥ አይገባም። ቅደም ተከተሉ ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ፀሐይ ያረፈበት ዳሽቦርድ ከሁሉ ይብሳል። በእኛ ደጋም ጥቁር ዳሽቦርድ በጠራ ቀትር 50 ዲግሪን ቢያልፍ አይግረማችሁ። ይህችን 50 የምትል ቁጥር ያዙልኝ፤ ትመጣለች።

ከፍታው ራሱ ነገሩን ያብሰዋል። ቆላ ላይ ከፀሐይና ከመሬት መካከል ያለው አየር ወፍራም ጋቢ ነው፤ ደጋ ላይ ግን ነጠላ። ነጠላው ከታች የወጣውን ሙቀት አይዝም፤ ሌሊቱ የሚቆረጥመው ለዚህ ነው። ያው ነጠላ ከላይ የሚወርደውንም አይከለክልም፤ ቀን ፊት የሚለበለበው ለዚህ ነው። መኪና እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የባሰውን መርጦ ይወስዳል፤ የደጋውን ኃይለኛ ፀሐይ በመስታወቱ ያስገባል፣ ያስገባውን ሙቀት ደግሞ ዘግቶ ያስቀረዋል። በዚያ ላይ መካነ ሰላም ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም። ሚያዝያ 10 ገደማ እና ነሐሴ 18 ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ልክ አናት ላይ ናት። ነሐሴ ደመናው ይሸፍናታል። ሚያዝያ ግን ሰማዩ ከነሐሴ ይልቅ ክፍት ነው።

ሚያዝያ ደግሞ የሰርግ ወር ነው። ፋሲካ አልፎ የሚዜ መኪና ሲደረደር አስቡት። ዳሽቦርዱ ላይ ላይተር አለ፤ ከኋላ ወንበር የሙሽራዋ ፀጉር ሠሪ ያስቀመጠችው ስፕሬይና ዶድራንት አለ፤ ወለሉ ላይ አንድ ሳጥን ለስላሳ፣ ከጎኑ በሃይላንድ የተሞላ ቀሪቦ፤ ከኋላ ደግሞ ለድግሱ የተጫነ ቡታጋዝ። ሁሉም ግፊት የያዙ ወይም ግፊት የሚፈጥሩ ናቸው። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ ዳስ ገብቷል። ከእነዚህ መካከል የትኛው ያሳስባል?

መልሱ በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል፤ ዕቃው ውስጥ ያለው ጋዝ ብቻ ነው ወይስ ፈሳሽ ሆኖ የታመቀ ጋዝ? ልዩነቱ ከሚታሰበው በላይ ነው። በኮምፕሬሰር የታመቀ አየር ወይም ናይትሮጅን ብቻ የያዘ ዕቃ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ቢሞቅ ግፊቱ የሚጨምረው ከመቶ 17 ያህል ነው። ሹፌሩ ወንበር ሥር ያለው የዱቄት እሳት ማጥፊያ የዚህ ዘመድ ነው፤ ጎማውም እንዲሁ። የፀጉር ስፕሬይ፣ ላይተርና ቡታጋዝ ግን ውስጣቸው ፈሳሽ ነው። ሲነቀነቁ የሚንቦጫረቀው እሱ ነው። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ከፈሳሹ እየተነሣ ወደ ጋዝነት የሚለወጠው ይበዛል፤ ስለዚህ ግፊቱ ዝም ብሎ አይወጣም፣ ይዘላል። ፕሮፔን በ20 ዲግሪ 8 ባር ገደማ ግፊት አለው፤ አንድ ባር በባሕር ጠለል ላይ የሚጫነን የአየር ግፊት ያህል ነው። በ50 ዲግሪ 17 ባር ይሆናል፣ በ70 ዲግሪ 26 ገደማ። ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው! ቡቴን ለዘብ ይላል፤ በ20 ዲግሪ 2 ባር፣ በ50 ዲግሪ 5፣ በ70 ዲግሪ 8 ገደማ። መጠኑ ያንሳል እንጂ ዝላዩ ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል።

አሁን ያቺ 50 መጣች። ማንኛውንም የስፕሬይ ጣሳ አዙራችሁ ጀርባውን ብታነቡ ከ50 ዲግሪ በላይ ለሆነ ሙቀት አታጋልጡ የሚል ማስጠንቀቂያ ታገኛላችሁ። ቁጥሩ እንዲያው የተጻፈ አይደለም፤ ጣሳ ሲመረት ጥንካሬው የሚፈተሸው 50 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚኖረውን ግፊት መሠረት አድርጎ ነው፤ ከዚያ በላይ ጥቂት መጠባበቂያ ይተውለታል። አዲስ ጣሳ 51 ዲግሪ ስለደረሰ ወዲያው ይፈነዳል ማለት አይደለም። ዝገት የበላው፣ ወድቆ የተጎዳ፣ በየሱቁ መስኮት ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጣሳ ግን መጠባበቂያውን ቀድሞ ጨርሶታል። ሲለቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚለቀው በታችኛው ወይም በላይኛው መገጣጠሚያው ነው፤ ቂጡ ተገልብጦ ጣሳው እንደ ጥይት ይወረወራል። ዳሽቦርድ ላይ ያለ ጣሳ አቅጣጫው ወይ ወደ መስታወቱ ነው ወይ ወደ ወንበሩ።

ውስጡ ያለው ጋዝ የሚነድ መሆኑም የራሱ ታሪክ አለው። ድሮ ስፕሬይን ገፍቶ የሚያወጣው የማይነድ ጋዝ ነበር። ያ ጋዝ ግን የኦዞን ሽፋንን እየበላ መሆኑ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል ከተፈረመው ስምምነት ጋር ተያይዞም ከገበያ ወጣ። ብዙው አምራች በምትኩ ያስገባው ፕሮፔንና ቡቴንን ነው። ለሰማዩ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። በእጃችን ያለው ጣሳ ግን በይዘቱ የቡታጋዝ ታናሽ ወንድም ሆነ። አንድ የሚያሳስብ ልዩነትም አላቸው፤ ቡታጋዝ ሲያፈስ እንዲታወቅ የሚከረፋ ሽታ ይጨመርበታል፣ ለስፕሬይ የሚውለው ግን ሽቶውን እንዳያበላሽ ሽታ አልባ ተደርጎ ነው የሚሞላው። ቢያፈስ አፍንጫ አይነግርም።

መፈንዳቱን ሁሉም ይፈራል፤ እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው ቀስ ብሎ ማፍሰሱን ነው። የአንድ ትንሽ መኪና ውስጥ 3 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል እንበል። የስፕሬዩ ጋዝ ከአየሩ ከመቶ 2 እጅ ያህል ሲሆን እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። ከ3 ሜትር ኩብ ከመቶ 2 ማለት 60 ሊትር ነው። በባሕር ጠለል፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ፣ ይህን 60 ሊትር ለመሙላት 125 ግራም ገደማ ጋዝ ያስፈልጋል። መካነ ሰላም ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ጋዙም ይዘረጋል፤ 90 ግራም ገደማ ይበቃል። ይህ አንድ ትልቅ ጣሳ ስፕሬይ ሊይዘው የሚችለው መጠን ነው። እንደዚያም ሆኖ ጋዙ መኪናው ውስጥ እኩል ይበተናል ብለን አሰብን እንጂ ከአየር ስለሚከብድ ወርዶ ወለሉ ላይ፣ ከወንበሩ ሥር ነው የሚተኛው። እዚያ ታች ከመቶ 2 ለመድረስ ከዚህም ያነሰ ይበቃል።

ይህ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዝ አገር ሃሊፋክስ ከተማ፣ አንድ ሹፌር መኪናው ውስጥ የመኪና ሽቶ አብዝቶ ነፋ፣ መስኮቱን ሳይከፍት ሲጋራ ለኮሰ። የመኪናው መስታወቶች ወደ ውጭ በረሩ፣ በሮቹ ተወላገዱ፣ በአካባቢው ያሉ ሱቆች መስኮት ሳይቀር ተጎዳ። ሰውዬው ቀላል ጉዳት ደርሶበት ተረፈ። ወሩ ታኅሣሥ፣ አገሩ እንግሊዝ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ሙቀት እንኳ አላስፈለገም፣ የተዘጋ መኪናና አንድ ብልጭታ በቃ።

ላይተር ትንሽ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ዓለም አቀፉ የላይተር ደረጃ አንድ ላይተር በ65 ዲግሪ ሙቀት 4 ሰዓት ቆይቶ መቋቋም አለበት ይላል፤ ፈሳሹም ከሆዱ ከመቶ 85 እንዳያልፍ ያዛል። የአሪዞናው ዳሽቦርድ 69 ነበር፣ ከደረጃው አልፎ ሄዷል። በየሱቁ በጥቂት ብር የሚሸጠው ላይተር ሁሉ ደግሞ ይህን ፈተና ስለማለፉ ማንም ዋስ አይሆንም። ኪስ ውስጥ ይሻለዋል።

ያቺ ባዶ የምትተው ቦታ ነገር ደግሞ በቡታጋዝ ላይ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ናት። ፈሳሹ ሲሞቅ ራሱም ይሰፋል፤ ፕሮፔን ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ሲወጣ ከመቶ 10 በላይ ያብጣል። ሲሊንደር የማይሞላውና ከአምስት እጅ አንዱ ባዶ የሚተወው ለዚህ ነው። ያ ቦታ ካለቀ ፈሳሽ ብረቱን መግፋት ይጀምራል፤ ፈሳሽ ደግሞ እንደ ጋዝ አይጨመቅም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 1978 በስፔን፣ ሎስ አልፋከስ በተባለ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ አጠገብ፣ ከሚገባው በላይ፣ ማለትም 23 ቶን ገደማ፣ ፕሮፒሊን የተባለ ጋዝ የተሞላ ቦቴ በበጋ ቀትር ሲያልፍ ተሰንጥቆ ነደደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ቦቴው ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ አልነበረውም። እንዲህ ያለ ቫልቭ ያለው የቤት ሲሊንደር ግፊቱ ሲበዛ ከፍቶ ያስተነፍሳል። የሚያስተነፍሰው ግን ወዴት ነው? መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ከሆነ የሃሊፋክሱ ነገር መጣ ማለት ነው። ሲሊንደር የሚጫነው ቆሞ፣ ታስሮ፣ ክፍት ፒክአፕ ላይ ነው፤ የግድ መኪና ውስጥ ከገባም መስኮት ተከፍቶ፣ ሳይቆሙ እቤት ማድረስ ነው።

እስካሁን የፋብሪካ ዕቃ ነው ያየነው። ለወሎ ሰው ይበልጥ ቅርብ የሆነው ግን ቀሪቦ ነው። ቀሪቦ ከገብስ ይዘጋጃል፣ ስኳርና እርሾ ይገባበታል፣ አያሰክርም፤ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ድግስ ላይ ይቀርባል። እርሾው ሕይወት ያለው ነገር ነው። ስኳሩን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ሙሉ በሙሉ ቢፈላ ከአንድ ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣዋል። አንድ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንዳለ ራሳችሁ ቁጠሩት። ደጋ ቤት ውስጥ፣ ከማድጋው አጠገብ፣ ብርዱ እርሾውን ስለሚያዘገየው ነገሩ በዝግታ ነው የሚሄደው። መኪና ውስጥ ወደ 35 ዲግሪ ሲጠጋ ግን እርሾው የሚወደው ሙቀት ደረሰለት፣ ተፈታ። መጀመሪያ የሃይላንዱ ጎን ይወጠራል፣ በጣት ሲጫኑት አልጎደጉድ ይላል። ቀጥሎ ቂጡ ወደ ውጭ ያብጥና ጠርሙሱ መቆም ያቅተዋል፣ ይንከባለላል። እዚህ የደረሰን ክዳን ፊት ለፊት ይዞ የሚከፍት ሰው ክዳኑ ዓይኑ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጠላም በጀሪካን ሲጫን ያው ነው። በብርጭቆ ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ ፕላስቲኩ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ሳያብጥ ነው የሚሰበር።

ለስላሳና ቢራም ከዚሁ ወገን ናቸው፣ ልዩነቱ ጋዙ በፋብሪካ መግባቱ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መሟሟት ይወዳል፤ 50 ዲግሪ ላይ ውሃው መያዝ የሚችለው በ20 ዲግሪ ይይዝ ከነበረው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሌላው ከፈሳሹ ወጥቶ አንገቱ ላይ ይታጨቃል። ተመላሽ ጠርሙስ ደግሞ ስንት ጊዜ ተሞልቶ፣ ስንት ኮረኮንች ላይ በሳጥኑ ውስጥ ሲንገጫገጭ እንደኖረ ገላው ላይ ያለው ጭረት ይናገራል። ፀሐይ ሲመታው የዋለውን ሳጥን ለሕፃን ልጅ «ሂድና አምጣልኝ» አትበሉ።

በዚህ አገር መንገድ ላይ የአየርን ግፊት በዓይን ማየት ይቻላል፤ ይህን ሳላሳያችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደወይን የሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ውሃው ያለቀ ሃይላንድ መካነ ሰላም ላይ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉና ተጓዙ። ዓባይ ድልድይ ስትደርሱ ማንም ሳይነካው ጎኑ ገብቶ፣ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ፤ የቆላው ከባድ አየር ጨምቆታል። እዚያው ከፍታችሁ እንደገና ዝጉትና ተመለሱ፤ ደጋ ሲደርስ ተወጥሮ ይጠብቃችኋል። ከኮምቦልቻ ተዘግቶ የመጣ የድንች ቺፕስ ከረጢትም ጉጉፍቱ ላይ እንደ ፊኛ የሚነፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ለብረት ጣሳ ይህ ልዩነት ትንሽ ነው፣ ከባሕር ጠለል ጋር ቢነጻጸር ሩብ ባር ገደማ ቢጨምርበት ነው። ለቀሪቦው ሃይላንድና ለጀሪካኑ ግን ትርጉም አለው። ቆላ ላይ በጥብቅ የተዘጋ ቤንዚን የያዘ ጀሪካን ደጋ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሲቆም ከሁለቱም በኩል ነው የሚወጠረው፤ ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣው ትነት ደግሞ እሳት የሚጠብቅ ነው። ቤንዚን ሰው በተሳፈረበት መኪና ውስጥ መጫን ከቶውኑ አይገባም።

ያላግባብ የሚፈሩም አሉ። በኮሮና ጊዜ ሳኒታይዘር መኪና ውስጥ በራሱ ይፈነዳል ተብሎ ብዙ ተወራ። አልኮሉ ይነዳል፣ ትነቱም እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል፤ ያለ እሳት በራሱ እንዲነሣ ግን ከ360 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፣ ይህን የሚያህል መኪና የለም። የመኪናው ነዳጅ ታንከር በፀሐይ ምክንያት ይፈነዳል የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ለመስፋት የተተወለት ቦታ አለ። የዱቄት እሳት ማጥፊያውን ፈርቶ የሚያወርድ ሹፌር ቢኖር ግን ትልቁን ስህተት ሠራ፤ ከወንበር ሥር ጥላ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ከመኪናው አይጥፋ።

ጥላ ራሱ ብዙ ይሠራል። በአሪዞናው ጥናት ጥላ ሥር የቆሙት መኪናዎች ዳሽቦርድ 48 ዲግሪ ገደማ ነበር፣ ፀሐይ ላይ ከቆሙት በ20 ዲግሪ ያህል ያነሰ። ባሕር ዛፍ ሥር ስታቆሙ ግን ጥላው እንደሚዞር አስቡ፤ አራት ሰዓት ላይ ጥላ የነበረው ስምንት ሰዓት ላይ ፀሐይ ነው። ስፕሬዩ ከሰው ጋር ይውረድ። የግድ መኪናው ውስጥ የሚቀር ከሆነ ወለሉ ላይ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ባዶ ነው ብላችሁ የጣላችሁት ጣሳም ባዶ አይደለም፤ የቀረው ጋዝ ከቆሻሻ ጋር እሳት ውስጥ ሲገባ አጠገቡ የሚጫወቱ ልጆች ላይ ይፈነዳል። ቀሪቦውን ስትሞሉ ከአፉ ሩቡን ያህል ባዶ ተዉለት፣ ክዳኑን ላላ አድርጉት፣ መንገድ ላይም አልፎ አልፎ አስተንፍሱት።

ወደ መኪናው ተመልሳችሁ የሚያፏጭ ድምፅ ከሰማችሁ፣ የቡታጋዝ ሽታ ካገኛችሁ፣ ወይም ቂጡ ያበጠ ጣሳ ካያችሁ ሞተር ለማስነሣት ቁልፍ አታዙሩ፣ በሪሞትም አትዝጉ አትክፈቱ፣ ሲጋራ የያዘውን አርቁት። በሮቹን ሁሉ በእጅ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱና ከነፋሱ መምጫ በኩል ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ጋዙ ከባድ ስለሆነ በበሩ ሥር ወርዶ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ያበጠውን ጣሳ አትብሱት፣ ውሃም አትድፉበት። ጥላ እስኪመጣለት፣ ብርዱ እስኪመለስ ብቻውን ተዉት፤ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ራሱ ይወርዳል። ያን ጊዜ አንሥታችሁ አስወግዱት እንጂ መልሳችሁ አትጠቀሙበት፤ አንዴ ያበጠ ብረት ለሁለተኛው ፀሐይ አቅም የለውም።